መስኮቱ ላይ የቆየው ሃይላንድ

ዘጠኝ ሳምንት። ከጥር 22 ቀን 2010 ዓ.ም. እስከ ሕማማት ማክሰኞ ድረስ ድፍን ዘጠኝ ሳምንት ነው፤ ስንቴ በጣቴ እንደቆጠርኩት አላውቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንገቱ በፕላስተር የተጠመጠመ አንድ ሃይላንድ ደብረ ታቦር ባለው የኪራይ ቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር። ውስጡ የአጎቴ ገላ ነበረ። መድረስ የነበረበት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጧት በሚኒባስ የወጣ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለእራት ቤቱ ይገባል። ዘጠኝ ጊዜ ሰኞ መጣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ዓርብ ሆነ፤ እኔ አልሄድኩም።

አያ እላቸው ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ቶሎ ስላረፈ አባቴም እሳቸው ሆኑ። ከጋሳይ ወደ ጉና ሽቅብ በሚወጣው አገር ገብስና ድንች እያረሱ፣ ድንቹን በጆንያ ገበያ አውጥተው እየሸጡ አስተማሩኝ። እኔም ተምሬ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ። ይህን የማነሳው ለወግ ያህል አይደለም። ስለ ሕዋስና ስለ ህብረ ሕዋስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው መሆኔ በደሌን ስለሚያከብደው ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው እንደ ብዙ ሽማግሌ ነው። ሌሊት ለውሃ ሽንት አራት አምስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ይንጠባጠብና ያቆማል። የጉና ብርድ ነው ብለው ሁለት ክረምት ቻሉት። በ2010 ጥምቀት ሰሞን ግን ጭራሽ እንቢ አለ። ድንች በሚጭን አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ጎብጠው ተቀምጠው ደብረ ታቦር ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሐኪም ቤት ቱቦ ገባላቸው፤ የሽንት ከረጢቱ ወዲያው ሞላ፤ አያም የሐኪሙን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

ፕሮስቴት ነው ተባለ። ፒኤስኤ የሚሉት የደም ምርመራ ተሠራ፤ ውጤቱ ደኅና ሆነ። «የዕድሜ እብጠት ነው፤ ወጥቶ ይገላገላሉ» ተባልን። እኔም እፎይ አልኩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ፕሮስቴትን እንደ አንድ የጭቃ ቤት ብናየው፣ ፈሳሹን የሚያመነጩት ሕዋሳት በየክፍሉ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ክፍሎቹን አቅፎ የያዘው ማገር፣ ጭቃና ግድግዳ ደግሞ ስትሮማ ይባላል፤ ለስላሳ ጡንቻና አያያዥ ህብረ ሕዋስ ነው። ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው የፕሮስቴት ካንሰር ከነዋሪዎቹ ይነሳል። ፒኤስኤም የሚመነጨው ከእነሱ ነው፤ ለዚህ ነው ደም ውስጥ ሲበዛ ሐኪም የሚጠረጥረው። አልፎ አልፎ ግን የሚታመመው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ፒኤስኤ አያመነጭም። ደሙ ደኅና ነው እያለ ሥጋው ሊከዳ ይችላል። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እኔ የማስተምረው ትምህርት ይበቃ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ማክሰኞ ዕለት ተሠራ። ከእምብርታቸው በታች ተከፍቶ ያበጠው ተፈልፍሎ ወጣ። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «የታካሚው ቤተሰብ!» ብላ ተጣራችና ሃይላንዱን ከአንድ ወረቀት ጋር አስጨበጠችኝ። አንገቱ ተቆርጦ ሥጋው ከገባ በኋላ መልሰው አሽገውታል። ፎርማሊኑ በፕላስተሩ ስንጥቅ እየወጣ ዓይኔን ቆጠቆጠው። ቀጥሎ ሐኪሙ ራሱ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ፤ ልጅ እግር ነው፤ ሃይላንዱን ከእጄ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። የተለመደው የዕድሜ እብጠት ድቡልቡል ሆኖ ቢጫ የሚያደላ ነው አለኝ። ይሄኛው ግን ባንድ ወገኑ ነጣ ብሎ፣ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ያሉት፣ እንደ ተልባ ውሃ የሚያሙለጨልጭ ነበር። «መምህር፣ ይሄ አላማረኝም። ሳይውል ሳያድር ፓቶሎጂ ያድርሱልኝ» አለኝ። ቃል በቃል ያለኝ ይህንን ነው። አልሰማሁም ልል አልችልም።

ከዚያ ቱቦው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። አያ እኔ ቤት ነበር ያገገሙት። በማግስቱ ጧት ጋቢያቸውን ተከናንበው ጓሮ ወጡ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ያልተቆራረጠ፣ የጎልማሳ ሽንት ነው። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «ውሃዬ ተከፈተ ልጄ፤ እድሜ ይስጥህ» አሉኝ። እኔን ያታለለኝ ይህ ደስታ ነው። ሰው ድኖ፣ ቆሞ ሲሸና እያየሁ ሃይላንድ ይዞ ባሕር ዳር መንከራተት ትርፍ ሥራ መሰለኝ። ጥያቄው የተመለሰ መሰለኝ። የተከፈተው ግን የውሃው መንገድ ነው እንጂ የሥጋው ነገር ገና አልተነካም ነበር።

ሰበብ አላጣሁም። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበር፤ የሚታረም ወረቀት ተከመረ። ሐዘን ቤት ነበረብኝ። ገንዘብም አንዱ ሰበብ ነበር፤ ግን እውነቱ ይነገር፣ ገንዘቡ አልጠፋም። በዚያው የካቲት ወር ስልክ ቀይሬአለሁ።

በሕማማት ማክሰኞ ለፋሲካ ቤት ላጸዳ ተነሳሁ። ሃይላንዱን ከመስኮቱ ሳነሳው ፈሳሹ ጎደል ብሏል፤ ሥጋው ግራጫ ሆኖ ጠጥሯል። «ተበላሽቷል» አልኩ ለራሴ። አሁን ቢወስዱትስ ምን ይጠቅማል ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። የሰው ገላ ነውና ቆሻሻ ላይ መጣሉ ከበደኝ፤ ከአጥሩ አጠገብ ባሕር ዛፉ ሥር ጉድጓድ ማስኩና ቀበርኩት። ፎርማሊኑን ሣሩ ላይ ደፋሁት።

አልተበላሸም ነበር። ፎርማሊን የሕዋሱን ፕሮቲኖች እርስ በርስ አስተሳስሮ ባሉበት ያቆማቸዋል፤ ግራጫ መሆኑና መጠጠሩ የመበስበስ ሳይሆን የመጠበቅ ምልክት ነው። ዘጠኝ ሳምንት ይቅርና ከዚያም በላይ ቢቆይ፣ አንዳንድ የኬሚካል ምርመራዎች ይደክሙ ይሆናል እንጂ የሕዋሱ መልክ በማይክሮስኮፕ ይነበብ ነበር። እኔ የማስተምርበት ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ እባብ አለ። በየዓመቱ አውርጄ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ። «አያችሁ፣ አይበሰብስም» እላቸዋለሁ። ይህን የምል ሰው ነኝ የአጎቴን ሥጋ ተበላሽቷል ብዬ የቀበርኩት።

ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 30 ቀን ዋለ። አያ ዘንድ ሄጄ ፈሰክን። ዶሮው ቀርቦ ሳለ «ያ ከሆዴ ያወጡት ነገር ምን አሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደኅና ነው አሉ» አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩት እስካሁን ይገርመኛል። አልሄድኩም ብል ይቆጡኝ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አይመጣብኝም ነበር። የበዓሉን ቀን ላለማበላሸት አልኩት። እሳቸው ግን ቃሌን እንደ ሐኪም ቃል ያዙት። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ አስመርምሮልኝ ነጻ ነው ተባለ» ብለው አወሩ።

ነሐሴ 13 ለቡሄ፣ ለደብረ ታቦር በዓል፣ ወደ ከተማ ወጡ። ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ በር ላይ ተቀምጠን እናያለን። አያ ባንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስተው ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። «ምነው?» ስላቸው «ብርድ ነው፤ ክረምቱ ከርሟል። ምርመራውማ ደኅና ነው ተብሏል» አሉኝ። መልሰው የነገሩኝ የራሴን ውሸት ነው። ያን ጊዜም ልናገር እችል ነበር። እጃቸውን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ብወስዳቸው የእግር መንገድ ነው። ዝም አልኩ፤ አያም ሦስት ወር ብርድ ነው እያሉ ተቀመጡ። በኅዳር 2011 ሽንታቸው ደም ሆኖ መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሕር ዳር ነው ያወቅሁት። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ክር የሚያክሉ ቁራጮች ናቸው። ፓቶሎጂስቷ ትዕግሥት ያላቸው ሴት ነበሩ፤ በማይክሮስኮፑ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ሮዝና ወይን ጠጅ በተነከረው ሜዳ ላይ እንደ እንዝርት ሁለት ጫፋቸው የሾለ ሕዋሳት ተጠጋግተው፣ ወዲህና ወዲያ ተጋድመው ነበር። ፈሳሽ አመንጪ ክፍል ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ግድግዳው ቤቱን ውጦት ነበር።

«የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ናሙና የት ነው የታየው? ብሎኩን አምጡልኝ፤ ከሱ ጋር ላስተያየው» አሉኝ።

ብሎክ የሚሉት በፓራፊን ሰም ውስጥ የተቀበረውን ሥጋ ነው። ከእሱ የማይክሮን ውፍረት ያለው ቅጠል እየተላጠ መስታወት ላይ ይዘረጋል። የቀረው መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላም አውጥቶ እንደገና መቁረጥ ይቻላል። እኔ ሃይላንዱን አድርሼው ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው አንባቢ እንኳ ቢሳሳት ብሎኩ ይኖር ነበር። ሁለተኛ ዓይን ያየው ነበር።

«ጠፋ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስቸግር ቆይተው አስረዱኝ። በትንሽ ቁራጭ ላይ ሁሉም እንዝርት ነው። ከፊንጢጣ ግድግዳ ተነስቶ ፕሮስቴትን የሚገፋ ጂስት የሚባል ዕጢ አለ፤ እሱ ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን አለው፤ ስለዚህ መሳት የለበትም። የለስላሳ ጡንቻ ሳርኮማ አለ፤ ሳርኮማ ከነዋሪዎቹ ሳይሆን ከግድግዳው የሚነሳ ካንሰር ነው። ብቸኛ ፋይበራማ ዕጢ የሚሉት አለ። ከፕሮስቴቱ ከራሱ ስትሮማ የሚነሱት ደግሞ አሉ። የሚለያቸው አንድም ጠቅላላ ቅርጻቸው ነው፦ ስትሮማው በክፍሎቹ ዙሪያ እንዴት እንዳደገ፣ እንደ ቅጠል ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ስንት እንደሆኑ፣ የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩ። ይህ ደግሞ የሚታየው በሰፊ ቁራጭ ላይ ነው። የእኛው ሰፊ ቁራጭ 140 ግራም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አንድም ደግሞ ኢሙኖሂስቶኬሚስትሪ በሚባለው ቀለም ነው። ሲዲ 34ን የስትሮማው ዕጢም ጂስትም ስለሚቀበሉት እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ሲዲ 117 እና ዶግ 1 ጂስትን፣ ስታት 6 ብቸኛውን ፋይበራማ ዕጢ ለመለየት ይጨመራሉ። የስትሮማው ዕጢ ብዙውን ጊዜ የፕሮጄስትሮን ተቀባይም አለው። ቁራጮቹ ለዚህ አዲስ አበባ መላክ ነበረባቸው። በዚህ ጊዜ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን አላሳደርኩም።

በመጠበቅ ላይ እያለሁ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የስትሮማው ዕጢዎች ወጥ ስም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ጎዲን፣ ሮዛይና ኤፕስታይን የ22 ሰዎችን ናሙና ሰብስበው በሁለት ከፈሏቸው፤ አንደኛው ሳርኮማ የሆነው፣ ሁለተኛው ጠባዩ ያልለየለት፣ በምህጻሩ ስታምፕ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄራዊና ኤፕስታይን 50 ጨምረው አዩ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች በየራሳቸው ስም ይጠሩት ነበር፤ ብዙውም የዕድሜ እብጠት እየተባለ ያልፍ እንደነበር እገምታለሁ። ስታምፕ ሁልጊዜ ገዳይ አይደለም። ብዙው ባለበት ይቀመጣል። አንዳንዱ ግን ተፈልፍሎ ከወጣ በኋላ ቶሎ ተመልሶ ያድጋል፤ ጥቂቱ ከሳርኮማ ጋር አብሮ ይገኛል ወይም ወደ ሳርኮማ ይለወጣል። የፕሮስቴት ሳርኮማ በጠቅላላው ከፕሮስቴት ካንሰር ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም። እነዚያን ቁጥሮች ሳነብ የታየኝ በሽታው አልነበረም። ሃያ ሁለት ጠርሙስ፣ ሃምሳ ጠርሙስ ታየኝ። እያንዳንዱን አንድ ሰው ከአንድ በር ተቀብሎ ወደ ሌላ በር አድርሶታል።

ውጤቱ በየካቲት መጣ፤ የስትሮማ ሳርኮማ። ሲዲ 34 እና ፕሮጄስትሮን ተቀባይ አለው፤ ሌሎቹ የሉም። በዚያው ሰሞን የተነሳው የደረት ራጅ ሳንባቸው ላይ ነጠብጣብ አሳየ። ይህ ዘር ወደ ሳንባና ወደ አጥንት መሄድ ይወዳል።

ያኔ ታውቆ ቢሆን ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም። ምናልባት በጥር 2010ም ሳርኮማ ነበር። ግን ይህን የሚያውቀው ያ ሃይላንድ ብቻ ነበር። የተሠራላቸው ኦፕራሲዮን ብርቱካን ፈልፍሎ ልጣጩን እንደመተው ነው፤ ለዕድሜ እብጠት ትክክለኛው ሥራ ይኸው ነው፤ ሐኪሙ አላጠፋም። ከልጣጩ ጋር የቀረ ነገር እንዳለ ቢታወቅ ግን ሳንባው ንጹሕ ሳለ ሙሉውን የሚያወጣ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መፈለግ ይቻል ነበር። ቢያንስ በየሦስት ወሩ የሚያያቸው ይኖር ነበር፤ በቡሄ የተነሱትን ሦስት ጊዜ ብርድ ነው የሚል አይኖርም ነበር። እኔ የወሰድኩባቸው ይህን አሥር ወር ነው።

የሰው ሥጋ በቤተሰብ እጅ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ፣ በሚኒባስ እንዲጓዝ መደረጉ ያናድደኛል። ፓቶሎጂስት ጥቂት ነው፤ ያሉትም በትልልቆቹ ከተሞች ነው፤ ከስማዳና ከታች ጋይንት የሚመጣው ገበሬ ደግሞ ከእኔ የባሰ ሩቅ ነው። ናሙናው ከኦፕራሲዮን ክፍል በራሱ መኪና፣ በራሱ መዝገብ መውጣት አለበት፤ ለዚህ የምሟገት ሰው ነኝ፤ ባገኘሁት መድረክ ሁሉ እናገረዋለሁ። ስናገር ግን ድምፄ ይሰባበርብኛል። የጋይንቱ ገበሬ መንገድ ርቆበት ነው። እኔ ደሞዝ ነበረኝ፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ቤቴ ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም፣ ሐኪሙም በአፉ ነግሮኛል።

ጨረር ሲነሳ አያ እንቢ አሉ። ረጅም ዘመን የአገሩ ሁሉ የጨረር ሕሙማን ሲሰለፉ የኖሩት ጥቁር አንበሳ ነው፤ እዚያ ሄዶ ተራ መጠበቁን «ለመሞትስ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደኝ፤ ጉናን እያየሁ ልሙት» ብለው ዘጉት። ጀርባቸውን ይቀጠቅጣቸው ነበር። ሌሊት እያገላበጥኳቸው ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አንድ ሌሊት «አያ፣ የበደልኩዎት ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ። «አንተ? አንተማ ምን በደልከኝ፤ ተኛ» አሉኝ። ቀጥዬ መናገር ነበረብኝ። ተኛሁ። በግንቦት አረፉ።

በአርባቸው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከካህናቱ ጎን አስቀመጡኝ። እንደ ልጃቸው ነበር የተቆጠርኩት። ሰው ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ጠላ በዋንጫ ይዘው መጡና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«አንተስ የልጅ ወግ አድርሰህላቸዋል» አሉኝ። «ያን ጊዜም ሥጋቸውን ባሕር ዳር ድረስ ተሸክመህ አስመርምረህላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ያነሱት ነበር። እንካ፣ ጠጣ ልጄ።»

ዋንጫውን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።